ቁልፉን በገላው ለሸሸገ በር የቀረበ ውዳሴ

የህዋስን ስስ ቆዳ ሰባት ጊዜ ወግተህ ያለፍህ፣ ክንድህን ወደ ደሙ ዘርግተህ እግርህን በህዋሱ ጓዳ የተከልህ፣ አንዲት ቃል ልትናገር ተፈጥረህ ለዚያች ቃል ሕይወትህን የምትከፍል በር ሆይ፣ ውዳሴ ይገባሃል! ሊቃውንት ስም ሲያወጡልህ በፕሮቲን ቆራጭ የሚነቃ ተቀባይ አሉህ፤ ሲያሳጥሩትም ፓር ብለው ጠሩህ። አራት ወንድማማች ናችሁ። በደም ሥር ግንብና በደም ፕሌትሌት ላይ የቆምኸው በኩሩ ፓር-1፣ ዛሬ ቃሌ ወደ አንተ ነው፤ ወንድሞችህም በየተራቸው ድርሻቸውን አያጡም።

የማወድስህ ከሐረር ሆኜ ነው፤ የበርን ክብር የሚያውቅ ከተማ ቢፈለግ ከጁገል የሚቀድም የለምና። አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ በ16ኛው ምዕተ ዓመት ከተማዋን በግንብ ባስከበቡ ጊዜ አምስት በር ተከፈተላት፤ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። ሐረሪው በራሱ ልሳን አስመዲን በሪ፣ በድሮ በሪ፣ ሱቅጣጥ በሪ፣ አርጎብ በሪ፣ አሱም በሪ ይላቸዋል። በየትኛው በር ማን እንደሚገባ፣ ምን ጭኖ እንደሚመጣ፣ ከየት ወገን እንደሆነ ከተማዋ ጠንቅቃ ታውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1855 የገባው እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን እንደጻፈው፣ ሲመሽ የበሮቹ ቁልፍ ለአሚሩ ይወሰድ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ጎህ እስኪቀድ ድረስ የሚወጣ የለም። በሩ በግንቡ ላይ፣ ቁልፉ በአሚሩ እጅ፤ የሰው ጥበብ ያደረሰው እዚህ ድረስ ነው። አንተ ግን ቁልፍህን ለማንም አላስረከብህም። በገዛ ክንድህ ውስጥ፣ ከሥጋህ ሥጋ አድርገህ ሸሸግኸው። የሚቆርጥህ እስኪመጣም ቁልፍ መኖሩን የሚያውቅ የለም።

በሰው ገላ እንደ አንተ ቆዳን ሰባት ጊዜ የሚያቋርጡ ተቀባዮች ወደ 800 ይጠጋሉ። ነገድህ ታላቅ ነገድ ነው፤ ምሥጢሩን የመረመሩት ሮበርት ሌፍኮዊትዝና ብራያን ኮቢልካ እ.ኤ.አ. በ2012 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል። ዘመዶችህ ግን በአመዛኙ እንግዳ ተቀባዮች ናቸው። አድሬናሊን ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ መልእክቱን ያደርሳል፣ ተነሥቶ ይሄዳል፤ ተቀባዩም ቦታውን ጠርጎ ሌላውን ይጠብቃል። ወደ አንተ የሚመጣው ስለት ይዞ ነው። ሊቀመጥ አይመጣም፤ ሊቆርጥ ይመጣል፤ ቆርጦም ሳይዘገይ ወደ ሌላው በር ያልፋል። የአንተ ታላቅነት በዚህ ይጀምራል፤ ቁስልን ወደ ቃል ትለውጣለህና።

እንዴት እንደሆነ ቀርቤ ልመስክር። 425 አሚኖ አሲዶች ተሰናስለው ገላህን ሠሩ። ወደ ደሙ በተዘረጋው ክንድህ ላይ አርባ አንደኛው አርጂኒን ነው፣ አርባ ሁለተኛው ሴሪን። ትሮምቢን የተባለው የደም አርጊ ኢንዛይም በእነዚህ በሁለቱ መካከል ይቆርጥሃል። ከመቁረጫው ስፍራ ጥቂት አለፍ ብሎ ደግሞ ትሮምቢንን ስቦ የሚይዝ ስፍራ አለህ፤ አልቅት ደም እንዳይረጋባት የምትተፋውን ሂሩዲን የሚመስል ነው። ስለቱን ራስህ ታቀርበዋለህ፤ ክንድህንም ራስህ ታመቻችለታለህ። አላዋቂ ቢያይ አበቃለት ይልሃል። ያን ጊዜ ግን ተሸፍና የኖረችው ጫፍ ትገለጣለች፤ ሴሪን፣ ፌኒልአላኒን፣ ሉሲን፣ ሉሲን፣ አርጂኒን፣ አስፓራጂን። እነዚህ ስድስቱ ከገላህ ሳይለዩ ታጥፈው ወደ ራስህ እልፍኝ ይመለሳሉ፤ በገዛ ቁልፍህ ገዛ ራስህን ትከፍታለህ። ከውጭ የገባ ምንም የለም።

በጁገል ውስጥ ጌ ጋር በሚባለው በአንዱ የሐረሪ ቤት፣ ቀይ በተቀባው መደብ፣ በነደባው ላይ አንዲት እናት ስፌት ይዘው ተቀምጠዋል እንበል። በስተኋላቸው ግድግዳው በሙሉ በሙዳይና በሰፌድ ተሸልሟል። በወስፌ እየበሱ አለላውን ያሾልካሉ፤ ቀዩን ከጥቁሩ፣ ጥቁሩን ከቢጫው እያስማሙ ይዞራሉ። ወስፌው ሳት አለና የግራ እጃቸውን አመልካች ጣት ወጋ። አንዲት የደም ዘለላ ብቅ አለች። እናቲቱ ጣታቸውን መጠጥ አድርገው፣ በነጠላቸው ጠርዝ ጫን ብለው ያዙትና ጥቂት ቆይተው ወደ ስፌታቸው ተመለሱ። እሳቸው ከዚህ በላይ የሚያስታውሱት የለም።

በዚያች ቅጽበት ግን በጣታቸው ውስጥ አንተ ሥራ ላይ ነበርህ። ከተቀደደው የደም ሥር ሥር ያለው ሥጋ ለደሙ ሲገለጥ የመርጋት ሰንሰለት ተቀጣጠለ፤ በስተመጨረሻውም ትሮምቢን ተወለደ። ትሮምቢን ገና በጥቂቱ ሳለ በፕሌትሌቶቹ ላይ የቆምኸውን አንተን አገኘህ። ስትቆረጥ በህዋሱ ጓዳ የሚጠብቁህን ጂ-ፕሮቲኖች ቀሰቀስህ። አንደኛው ካልሲየም ከየጎተራው እንዲፈስ አደረገ፤ ሌላኛው የህዋሱን አፅም አነቃነቀ። ጠፍጣፋና ለስላሳ የነበረው ፕሌትሌት እሾህ አበቀለ፤ የያዘውን ጓዝ ወደ ደሙ ዘረገፈ፤ ከጓደኛው ጋር ተጣበቀ። ፋይብሪን የተባለው ክርም በላያቸው ተጠላለፈ። ታናሽ ወንድምህ ፓር-4 ከኋላህ ደረሰ፤ እርሱን ለመቀስቀስ የሚበዛ ትሮምቢን ያስፈልጋል፤ ዘግይቶ ይነሣል፣ አንዴ ከተነሣ ግን ድምፁ ቶሎ አይበርድም። አንተ ፈጥነህ ጮኸህ ዝም አልህ፤ እርሱ ቀስ ብሎ ጀምሮ አጸናው። የአንተ ጥድፊያና የእርሱ ጽናት ተጋግዘው የአንዲት እናት ደም በነጠላ ጠርዝ ቆመ።

ክብርህን የሚያበዛው ዋጋው ነው። ቆራጩ ቆርጦ ያልፋል፤ አንድ ትሮምቢን ብዙ በሮችን ሊከፍት ይችላል፤ አንተ ግን የምትከፈተው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የተቆረጠ ክንድ አይቀጠልም። ቃልህን ከተናገርህ በኋላ ህዋሱ ወደ ውስጡ ይስብሃል፤ የህዋሱ ማድቀቂያ ወደ ሆነው ላይሶሶም ትላካለህ፤ በዚያም ትፈርሳለህ። የደም ሥርን ግንብ የሚሸፍኑት ህዋሳት በጓዳቸው ያልተቆረጡ ተተኪዎችን ስላኖሩ ቦታህ ባዶ አይቀርም። ፕሌትሌት ግን ያን ያህል ስንቅ የለውም። አንድ ጊዜ ተናግሮ የሚሠዋ መልእክተኛ! እኔ በበኩሌ ከነገድህ ስምንት መቶው ሁሉ ይህን የመሰለ ግርማ አላየሁም።

አንተን ከጨለማ ላወጡህም ምስጋና ይድረስ። ትሮምቢን ፕሌትሌትን እንደሚቀሰቅስ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። ኢንዛይም ግን ቆራጭ እንጂ መልእክተኛ አይደለም፤ እንዴት ትእዛዝ ይሰጣል የሚለው ጥያቄ ሊቃውንቱን ሲያስጨንቅ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1991 በሳን ፍራንሲስኮ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሾን ኮፍሊንና ባልደረቦቹ የዘር መልእክትህን በእንቁራሪት እንቁላል ውስጥ ጨምረው እንቁላሉ ለትሮምቢን መልስ ሲሰጥ አዩ፤ አንተንም ከነሙሉ ገላህ አነበቡ። ከዚያም የተሸሸገችውን ጫፍ በቤተ ሙከራ ሠርተው ለብቻዋ ቢሰጡ ያለ አንዳች ቆራጭ በሩ ተከፈተ። ቁልፉ በክንድህ ውስጥ መኖሩ በዚህ ተገለጠ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ የገላህ ቅርጽ በክሪስታል ተይዞ አተም በአተም ተሣለ።

እስካሁን የተናገርሁት ግን የክብርህ መግቢያ ነው። በር የሆነ ሁሉ ይከፈታል። አንተን ከበር ሁሉ የለየህ ማን እንደከፈተህ፣ ከየትም ላይ እንደቆረጠህ ማወቅህ፣ እንደ ቆራጩም ሌላ ሌላ ቃል መናገርህ ነው።

በጉበት የሚሠራ፣ ለመሠራቱም ቫይታሚን ኬ የሚሻ ፕሮቲን ሲ የሚባል አለ። ሲነቃ ደምን የሚያረጉትን ኃይሎች ያፈርሳል፤ የመርጋትን እሳት የሚያዳፍነው እርሱ ነው። የሚያነቃውስ ማን ነው? ትሮምቢን ራሱ! በደም ሥር ግንብ ላይ ትሮምቦሞዱሊን የሚባል አለ፤ ትሮምቢን በእርሱ ላይ ሲያርፍ ጠባዩ ይለወጣል፤ ደም ማርጋቱን ትቶ የገዛ ጠላቱን ያስነሣል። የነቃው ፕሮቲን ሲ ደግሞ በግንቡ ላይ ማረፊያ አለው፤ የፕሮቲን ሲ ተቀባይ ይሉታል። በዚያ አርፎ ወደ ጎረቤቱ፣ ወደ አንተ ይዘረጋል። እርሱ የሚቆርጥህ በአርባ አንደኛው ላይ አይደለም፤ አምስት እርምጃ ርቆ በአርባ ስድስተኛው አርጂኒን ላይ ነው።

አምስት አሚኖ አሲድ! በዓይን ቢታይ ምን ይሆን? በአንተ ዘንድ ግን የጥፋትና የምሕረት ርቀት ነው። ትሮምቢን በአርባ አንደኛው ሲቆርጥህ ጂ-ፕሮቲን 12/13 ይነሣል፤ እርሱም ሮኤ የተባለውን ያስነሣል፤ የህዋሱ ክሮች ይሸበሸባሉ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ይላቀቃል፣ ግንቡ ይሳሳል፣ የደሙ ውኃ ወደ ሥጋው ይፈስሳል። ለተወጋ ጣት ይህ መልካም ነው፤ የነጭ ደም ህዋሳት የሚያልፉበት መንገድ ይከፈታልና። በገላ ሁሉ ቢሆን ግን እብጠትና ሞት ነው። የነቃው ፕሮቲን ሲ በአርባ ስድስተኛው ሲቆርጥህ ሉሲኖቹን ያዘሉት አምስቱ ፊደሎች ተቆርጠው ይቀራሉ፤ አዲሲቱ ጫፍ በአስፓራጂን ትጀምራለች። ጂ-ፕሮቲኖቹ ዝም ይላሉ። ቤታ-አረስቲን-2 የተባለው ይነሣል፤ ራክ-1ን ይጠራል፤ የተላቀቁት ጎረቤቶች ይቀራረባሉ፣ ግንቡ ይጠብቃል፣ ሊሞት የነበረው ህዋስ ይተርፋል። በር አንድ፣ ግንብ አንድ፣ ቃል ሁለት! ዎልፍራም ሩፍና ባልደረቦቹ በላ ሆያ የነቃው ፕሮቲን ሲ በአንተ በኩል እንደሚናገር እ.ኤ.አ. በ2002 አሳዩ፤ አርባ ስድስተኛይቱ ስፍራ ደግሞ ከዐሥር ዓመት በኋላ በ2012 ተገለጠች።

ከዚህም የሚበልጥ አለ፤ ደጋግሜ ያነበብሁት ነው፣ ሁልጊዜም ያስደንቀኛል። ፕሮቲን ሲ በማረፊያው ላይ ገና ሳይነቃ ተቀምጦ ሳለ፣ ያው ጨካኙ ትሮምቢን መጥቶ በያው በአርባ አንደኛው ላይ ቢቆርጥህ እንኳ የምትናገረው የምሕረቱን ቃል ሆኖ ተገኝቷል። ቆራጩ አልተለወጠ፣ መቁረጫው አልተለወጠ፤ የተለወጠው ከአጠገብህ የተቀመጠው ነው። የቆረጠህን ብቻ ሳይሆን የጎረቤትህንም ሁኔታ ታደምጣለህ። በጁገል ግንብ ለግንብ ተደጋግፈው የተሠሩት ቤቶች ይህን ያውቁታል።

ወንድሞችህን ሳላነሣ ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። ፓር-2 ለትሮምቢን አይከፈትም፤ እርሱ የሚሰማው የአንጀቱን ትሪፕሲንና የቆዳውን ትሪፕቴዝ ነው፤ እከክና ሕመም፣ የአየር መተላለፊያ መጥበብ በእርሱ በኩል ያልፋሉ። የነጭ ደም ህዋስ ኢላስቴዝ ሌላ ቦታ ላይ ሲቆርጠው እርሱም ሌላ ቃል ይናገራል። ፓር-3 በሰው ዘንድ ራሱ ብዙም አይናገርም፤ ለሌሎቹ ረዳት ነው። ፓር-4ን ከላይ አመስግኜዋለሁ።

አሁን ቃሌ ወደ ቆላው ይወርዳል። ሐረር ደጋ ናት፤ ከኤረር በር ወጥቶ ወደ ኤረር ሸለቆ፣ ወደ ባቢሌ የወረደ ግን ወባን ያገኛል። ወደ ሰሜን ቁልቁል ወደ ድሬዳዋ የወረደም እንዲሁ። መነሻዋ ደቡብ እስያ የሆነችው አኖፌሌስ ስቴፈንሲ የተባለች ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ተገኘች፤ በረግረግ ሳይሆን በከተማ በርሜልና በሲሚንቶ ገንዳ የምትራባ ናት። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋን የመታው የወባ ወረርሽኝም ከእርሷ ጋር በብርቱ የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተሕዋስ የገባበት ቀይ የደም ህዋስ በቆዳው ላይ የሚያጣብቅ ፕሮቲን ያበቅላል፤ ከደም ሥር ግንብ ተጣብቆ ከጣፊያ ያመልጣል። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት በጽኑ ወባ የተያዙ ሕፃናት ተሕዋስ የሚጣበቅበት ስፍራ የት እንደሆነ ታወቀ፤ የፕሮቲን ሲ ተቀባይ ላይ ነው! ከአንተ ጎረቤት ማረፊያ ላይ፣ ፕሮቲን ሲ ሊቀመጥ በሚገባው በዚያው ቦታ!

እንግዲህ በአንተ ላይ የሚደርሰውን ልብ ላለ ልብ ይሰብራል። ማረፊያው በተሕዋሱ ተይዟልና ፕሮቲን ሲ አይቀመጥም፤ ካልተቀመጠም እንደሚገባው አይነቃም፤ በአርባ ስድስተኛው የሚቆርጥህም አታገኝም። ትሮምቢን ግን ይበዛል፤ በአርባ አንደኛው ይቆርጥሃል። የምሕረት ቃልህን የምትናገርበት አፍህ ተይዞ የግንቡን መፍረስ ብቻ እንድታውጅ ትገደዳለህ። በዚያው ዓመት በማላዊ በአንጎል ወባ በሞቱ ሕፃናት ላይ የተደረገ ምርመራም ተሕዋሱ በተጠራቀመባቸው የአንጎል ደም ሥሮች ላይ የፕሮቲን ሲ ተቀባዩና ትሮምቦሞዱሊኑ መመናመናቸውን አሳየ። ከምሥራቅ ሐረርጌ ቆላ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ወደ ሕይወት ፋና ሆስፒታል የሚመጣ፣ ትኩሳት ነድቶት ራሱን የሳተ ሕፃን አንጎል ውስጥም ይኸው ጦርነት ሊኖር ይችላል። አርቴሱኔት በደም ሥሩ ይሰጠዋል፤ ተሕዋሱን ይገድልለታል። አንተን ከተያዘው አፍህ የሚያስፈታ መድኃኒት ግን ገና በሐኪሙ እጅ አልገባም። ውዳሴዬን ከልማድ በላይ ያስረዘምሁት ስለዚህ ሕፃን ነው። አንተን ጠንቅቆ የሚያውቅ ትውልድ በሐረር ከተማ በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ አዳራሾች እንዲወጣ እሻለሁ፤ ከሕፃኑ አልጋ የሚርቅ አይደለምና።

መድኃኒት ፈላጊዎችም ወደ አንተ መጥተዋል። የነቃው ፕሮቲን ሲ ራሱ መድኃኒት ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2001 ለጽኑ የደም መመረዝ በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ዚግሪስ ይባል ነበር። ደም ማቅጠኑ ግን አልቀረለትምና ሕሙማንን አደማ፤ ኋላ የተደረገው ሙከራም ሞትን እንዳልቀነሰ ቢያሳይ በ2011 ከገበያ ወጣ። ቮራፓክሳር የተባለ ሌላ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2014 ተፈቀደ፤ እርሱ ደግሞ ማን እንደቆረጠህ ሳይጠይቅ በሩን እንዳለ ይዘጋል። ድንገተኛ የልብ ሕመምን ይቀንሳል፤ ደም መፍሰስን ግን ያበዛል፤ ቀድሞ ስትሮክ የመታው ሰውም እንዳይወስደው ተከልክሏል። አንተን እንደ ደንቆሮ በር ቆጥሮ መዝጋት ዋጋ ያስከፍላል። ስለዚህ ብልሆቹ ከህዋሱ ጓዳ በኩል መጡ። በቦስተን የተገኙት ፓርሞዱሊን የተባሉ ውሁዶች ከእግርህ አጠገብ ገብተው የትሮምቢንን ቃል ያደበዝዛሉ፤ የምሕረቱን ግን አያፍኑም።

ሌሎቹ ደግሞ በስለቱ ላይ ተጠበቡ። የነቃው ፕሮቲን ሲ ደምን ለማቅጠን የሚገለገልባቸውን ሦስት ላይሲኖች በሦስት አላኒን ለወጧቸው። እንዲህ የተቀየረው ፕሮቲን ደም የማቅጠን ኃይሉ ከመደበኛው አንድ ዐሥረኛ እንኳ አልቀረለትም። በስትሮክ ለተመቱ ሕሙማን ተሰጥቶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ታተመ፤ ሕሙማኑ ተቋቋሙት፤ በአንጎል ውስጥ የሚደማውም የመቀነስ ምልክት አሳየ። ሠሪዎቹ ስለቱን እንዲህ አለዘቡት እንጂ አንተን መቁረጡን አላስተዉትም፤ ዛሬም ወደ ክንድህ ሲመጣ አርባ አንደኛይቱን አልፎ በአርባ ስድስተኛይቱ ላይ ይወርዳል።